የጎደላት ኤንዛይም

ተማሪዎቿ «ፍሬን» ነው የሚሏት። የመኪና መንዳት አስተማሪ ናት፤ ታዲያ ስሙ የወጣላት ፍሬን ስለምታበዛ እንዳይመስላችሁ፣ ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። በማሰልጠኛ መኪና ውስጥ አስተማሪው በሚቀመጥበት በኩልም አንድ ተጨማሪ የፍሬን ፔዳል አለ። ሌሎቹ አስተማሪዎች ተማሪው ገና ሞተር ሲያስነሳ እግራቸውን እሱ ላይ ይተክላሉ። እሷ ግን እግሯን ሰብስባ ትቀመጣለች፤ የሰው ነፍስ አደጋ ላይ ካልወደቀ በቀር አትነካውም። «መሪው ያንተ፣ ፍርሃቱም ያንተ፤ እኔ ምን አገባኝ?» ትላለች። ከመኪናው ላብ በላብ ሆነው የሚወርዱት ተማሪዎች ናቸው እንግዲህ፣ ግማሹ በምሬት ግማሹ በፍቅር፣ «ፍሬን» ብለው የሰየሟት።

ዕድሜዋ ወደ አርባው ተጠግቷል። ብቻዋን ትኖራለች። አፏ ስል ነው፤ ሳቋ ደግሞ ግቢውን ተሻግሮ ይሰማል።

መጀመሪያ ጠላት የሆናት ደረጃው ነው። የማሰልጠኛው ቢሮ ፎቅ ላይ ስለሆነ የመኪና ቁልፍ ለመውሰድ በየጠዋቱ መውጣት ግድ ነበር። ዱሮ እየዘለለች የምትወጣው ደረጃ መሃል ላይ ቆማ፣ ስልኳን የምታይ መምሰል ጀመረች። ስልኩ ላይ የሚታይ ነገር አልነበረም፤ ትንፋሽ አጥሯት ነው። ከዚያ ቁርጭምጭሚቷ አበጠ። ጎንበስ ብሎ የጫማ ክር ማሰር እንኳ ዳገት ሆነባት።

ሐኪም ቤት መመላለሱ ተያያዘ። አንዱ «አስም ነው» ብሎ በአፍ የሚሳብ መድኃኒት ሰጣት። ሌላው ከላይ እስከ ታች አይቷት «ውፍረት ቀንሺ» አላት። አንዱማ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ፣ «ጭንቀት ነው የኔ እህት። ባል ብታገቢ ይሻልሽ ነበር» ቢላት፣ «እንግዲያው ማዘዣ ይጻፉልኝ፣ መድኃኒት ቤት ካለ እገዛለሁ» ብላው በሩን ወርውራ ወጣች።

አንድ ጠዋት እዚያው ደረጃ ላይ ዓይኗ ጨለመና ወደቀች። ስትነቃ በሰው እጅ ላይ ነበረች።

ሕመሟን ለይታ ያወቀችላት የሳንባና የልብ ሐኪም ናት፤ ደቃቃ፣ ድምፀ ጎርናና፣ ሽበቷን የማትደብቅ ሴት። ምርመራው ሁሉ ካለቀ በኋላ ወንበሯን ስባ ፊት ለፊቷ ተቀመጠች።

«ከልብሽ ወደ ሳንባሽ ደም የሚወስዱት ሥሮች ጠበዋል» አለቻት። «ልብሽ በዚያ ጠባብ መንገድ ደም ለመግፋት ስትታገል ደክማለች። ትንፋሽ የሚያጥርሽ ለዚህ ነው።»

«ለምን ጠበቡ?»

«የደም ሥር ውስጠኛው ገበር ላይ አንድ ኤንዛይም አለ። ኤንዛይም ማለት ሰውነት ውስጥ አንዱን ነገር ወደ ሌላ የሚለውጥ ፕሮቲን ነው። ይኼኛው ፕሮስታሳይክሊን የሚባል ንጥረ ነገር ይሠራል፤ ፕሮስታግላንዲን ከሚባሉት የሰውነት መልእክት አድራሾች ወገን ነው። የደም ሥሩ ዘና ብሎ እንዲከፈት፣ ደሙም እዚያው እንዳይረጋ ያደርጋል። ያንቺ ዓይነት ሕመም ባለባቸው ሰዎች ሳንባ ውስጥ ኤንዛይሙ አንሶ ይገኛል።»

«ማን ወሰደው?»

ሐኪሟ ፈገግ አለች። «እውነቱን ልንገርሽ? ለምን እንደሚያንስ በቅጡ አናውቅም።»

«ታዲያ ኤንዛይሙን ስጡኛ።»

«እሱን መስጠት አንችልም። እሱ የሚሠራውን ግን መስጠት እንችላለን። ችግሩ ዕድሜው አጭር ነው፤ ደም ውስጥ ገብቶ በደቂቃዎች ይጠፋል። ስለዚህ ቀንም ሌትም ሳያቋርጥ መግባት አለበት። ደረትሽ ላይ ቀጭን ቱቦ እናስገባለን፤ ቱቦው ወገብሽ ላይ ከምትታሰር ትንሽ ፓምፕ ጋር ይገናኛል።»

«እስከ መቼ?»

ሐኪሟ ዓይኗን አልሰበረችም። «እስካለሽ ድረስ።»

ፍሬን ዝቅ ብላ ወገቧን አየች። የሳቋ ነገር እንኳ ጠፋባት። ከዚያ «ፓምፗን የምታስረው ቀበቶ ጥቁር ትሁንልኝ፤ ሱሪዬ ሁሉ ጥቁር ነው» አለች።

ሆስፒታል ሳለች የመድኃኒቱን ዱቄት በፈሳሽ መበጥበጥ፣ ቱቦውን ማጽዳት፣ ፓምፗን መቀየር ተማረች። መድኃኒቱም በነፃ አልለቀቃትም። ምግብ ስትጀምር የመጀመሪያው ጉርሻ መንጋጋዋን እንደ ጥፍር ይቧጥጣታል። ፊቷ እሳት አጠገብ የተቀመጠች ያህል ይግላል፤ እግሯን ይቆረጥማታል። ነገር ግን ቀስ በቀስ ትንፋሿ ተመለሰ። ከሆስፒታሉ በወጣችበት ቀን አሳንሰሩን ትታ በደረጃ ወረደች፤ ታች ስትደርስ ተመልሳ ወጣች፤ እንደገና ወረደች። ዘበኛው «እታለም፣ የጠፋብሽ ነገር አለ?» አላት። «ነበረ፤ አገኘሁት» ብላው ሄደች።

ቤተሰቡ ግን ሌላ ምክር መክሮ ጠበቃት።

ታላቅ ወንድሟ የትምህርት ቤት ርዕሰ መምህር ነው። እናትና አባታቸው ቀድመው ስለሞቱ እንደ አባት ሆኖ ያሳደጋት እሱ ነው፤ እስከዛሬ «ወንድም ጋሼ» ነው የምትለው። ቤቱ ጠርቷት ስትሄድ አክስታቸውም ቀድማ ደርሳ ሶፋው ላይ ተቀምጣለች። ወንድሟ እጇን ይዞ ወደ ጓሮው ክፍል ወሰዳት። አዲስ አልጋ ተዘርግቷል፤ መጋረጃ ተሰቅሏል፤ ራስጌው ላይ ከትምህርት ቤቱ የመጣ የእጅ ደወል ተቀምጧል።

«ደወሉ ምንድነው?» አለች።

«የሆነ ነገር ሲያስፈልግሽ ትደውያለሽ። ከአልጋ መነሳት የለብሽም።»

«ወንድም ጋሼ፣ ለዕረፍት ነው ለክፍል የምደውለው?»

«ቀልድ አሁን ይቁም» አለ። ቁልፍ ከኪሱ አውጥቶ ዘረጋላት። «ቤትሽን ልቀቂ። ሥራውንም ተዪ፤ ለአለቃሽ ነግሬዋለሁ።»

ፍሬን እጇን አልዘረጋችም። «ምን ብለህ ነገርከው?»

«ታማለች አልኩት። ውሸት ነው?»

«ታምሜያለሁ። ግን እኔን ሳትጠይቅ በኔ አፍ ማን ተናገር አለህ?»

አክስትየዋ ከበሩ ላይ፣ «አንቺ ልጅ፣ ላንቺ ብሎ እኮ ነው! እንደ ዕንቁላል ሊይዝሽ ነው!» አለች።

«አክስቴ፣ ዕንቁላል የሚያዘው እስኪጠበስ ነው።»

ያን ጊዜ የወንድሟ ድምፅ ተሰበረ። «ሰው ተሸክሞሽ ሲመጣ አላየሽም! እኔ ነኝ ያየሁት። ፊትሽ አመድ መስሎ፣ እጅሽ ተንጠልጥሎ! ያንን ሁለተኛ አላይም። ሰማሽ? አላይም!»

ይኼ ሰው እሷን ለማሳደግ ስንት ነገር እንደተወ ታውቃለች። ቀርባ ትከሻውን ያዘች። ግን አንገቷን ነቀነቀች። «ዓይንህን ጨፍን ወንድም ጋሼ፤ እኔ ግን አልተኛልህም» አለችና ደወሉን አንስታ፣ እንዳይጮኽ ምላሱን በጣቷ ይዛ፣ እጁ ላይ አስቀመጠችለት። ከዚያ በግቢው በር ወጥታ በእግሯ ሄደች።

ወደ ሐኪሟ ነው የሄደችው። «ማስተማር እችላለሁ ወይስ አልችልም? እቅጩን ይንገሩኝ» አለቻት።

ሐኪሟ መልሳ መረመረቻት፤ በመሮጫ ማሽን ላይ አስኬደቻት፤ የልቧን ምስል እያዞረች አየች። «መድኃኒቱ እየሠራ ነው፤ ትችያለሽ» አለች በመጨረሻ። «ግን ሁለተኛ ፓምፕ ከጎንሽ እንዳይለይ። ደግሞ ዓይንሽ አንድ ጊዜ ብዥ ካለ ራስሽ ታቆሚያለሽ። ማንም ሳይነግርሽ። ትምያለሽ?»

ፍሬን ማለችላት። ይኼኛው ግዴታ እንደ ወንድሟ ደወል አልነበረም፤ ፍርሃቱን ራሷም ታውቀዋለችና።

ሥራ አስኪያጁ ክፉ ሰው አይደለም፤ ነገር የሚፈራ ሰው ነው። የሐኪሟን ማረጋገጫ አገላብጦ አየና ስልክ መቀበያው ጠረጴዛ ጋ አስቀመጣት። ጠዋቱን ሙሉ «ሃሎ» ስትል ቆይታ፣ ስልኩ እየጮኸ ጥላው ወደ ቢሮው ገባች።

«አለቃ፣ እኔ በስልክ ማርሽ ማስቀየር አልችልም።»

«ለራስሽ ብዬ ነው እኮ።»

«ይኼ ‹ለራስሽ ብዬ› የሚባል ነገር ከበሽታው በላይ አሰለቸኝ። ተማሪ ስጠኝ።»

ሥራ አስኪያጁ አናቱን አከከ። አንድ ማንም ያልፈለጋት ተማሪ ነበረች፤ ባለቤታቸው የሞቱባቸው አሮጊት። የማሰልጠኛውን በር ገጭተዋል፤ አንዱን አስተማሪ ማርሽ በጮኸ ቁጥር እንዲያማትብ አድርገውታል። «እሳቸውን ትወስጃለሽ?» አላት፣ እምቢ እንድትል እየለመነ። «አሁኑኑ» አለች።

ሁሉም እማማ የሚሏቸው እኚህ ተማሪ ደርባባ፣ ነጭ ሻሽ የሚያስሩ፣ መሪውን አንገቱን እንደሚያንቁት ሰው የሚጨብጡ ሴት ናቸው። መጀመሪያ ቀን መስቀለኛ መንገድ በደረሱ ቁጥር ሞተሩ እየጠፋባቸው ይቅርታ ሲሉ ዋሉ። በሁለተኛው ቀን ፍሬን፣ «እማማ፣ ማንን ነው ይቅርታ የሚጠይቁት? መኪናው አይሰማ» አለቻቸው።

ሳቁ። ከሳቁ በኋላ ምላሳቸው ተፈታ። የባለቤታቸው መኪና ግቢያቸው ውስጥ ሸራ ለብሶ ቆሟል። ልጆቻቸው ‹ይሸጥ› ይላሉ። «እሱ በሕይወት ሳለ ‹ተዪው፣ እኔ አለሁልሽ› እያለኝ ሳልማር ቀረሁ። አሁን እሱ የለም፤ ልጆቼ ደግሞ ‹እኛ አለንልሽ› ይሉኛል። አለሁልሽ ያለኝ ሁሉ እያለልኝ አንድ ቀን የፈለግኩበት ሄጄ አላውቅም።»

«ፍሪሲዮኑን ቀስ አድርገው ይልቀቁ» አለች ፍሬን።

ነገሩ የደረሰው እማማ ትንሽ ደፈር ብለው ወደ ዋናው መንገድ በወጡ ሰሞን ነው። ዳገት እየወጡ ነበር፤ ከኋላቸው አንድ የጭነት መኪና ተለጥፎ ይከተላቸዋል። ድንገት የፍሬን ወገብ ጮኸ። የመቀመጫ ቀበቶው ማያያዣ ቱቦውን ነክሶት ኖሯል።

«ስልክሽን አንሺው የኔ ልጅ» አሉ እማማ ዓይናቸውን ከመንገዱ ሳይነቅሉ።

«ስልክ አይደለም፣ መድኃኒቴ ነው። ቆሟል።» ድምጿን እንደወትሮው ለማድረግ ታገለች። «አሁን የቀኝ ፍሬቻ ያሳዩ። መስታወት ይመልከቱ። ቀስ ብለው ዳር ይያዙ።»

እግሯ ፔዳሉ ጋ ደርሶ ነበር። አልረገጠችውም። እማማ አሳዩ፣ ተመለከቱ፣ ዳር ያዙ፤ የእጅ ፍሬኑንም ሳይነገራቸው ሳቡት።

ቀበቶውን ፈትታ ቱቦውን ብታቃናውም ፓምፗ መጮኋን አልተወችም። ደረቷ እየከበደ፣ ትንፋሿ እየተቆራረጠ መጣ። ከቦርሳዋ ሁለተኛዋን ፓምፕ ስታወጣ እማማ ሳይጠየቁ ቦርሳውን ከፍተው ያዙላት። ጥርሷን ነክሳ አንዱን ነቀለች፣ ሌላውን ሰካች፣ ቁልፉን ተጫነች።

በዚህ መሃል የጭነት መኪናው ሾፌር ወርዶ መስኮቱን ይደበድብ ጀመር። «እዚህ ዳገት ላይ ማን ቁሙ አላችሁ? ዓይን የላችሁም?»

መስቀለኛ መንገድ በደረሱ ቁጥር ይቅርታ የሚጠይቁት እማማ መስኮቱን ዝቅ አደረጉ። «ዳሬን ይዣለሁ፣ ፍሬቻዬን አሳይቻለሁ፣ የእጅ ፍሬኔን ስቤያለሁ! አንተ ነህ መንገድ መሃል ጭነትህን ገትረህ ሴት የምትሳደብ! ሂድ፣ ከፊቴ ጥፋ!»

ሰውየው ወደ መኪናው ሲመለስ አዲሷ ፓምፕ መሥራት ጀምራ ነበር። ፍሬን ራሷን ወንበሩ ላይ አስደግፋ ትንፋሿን አዳመጠች። ረዘም እያለ መጣ። ዓይኔ ብዥ ብሎ ነበር? ብላ ራሷን ጠየቀች። አላለም። ግን ለዚህ ነገር ራሷን ብቻ ማመን አልፈለገችም፤ እዚያው ሆና ለሐኪሟ ደወለች።

«ጨልሞብሽ ነበር?» አለች ሐኪሟ።

«አልጨለመም። ትንፋሽ አጥሮኝ ነበር፣ ተመልሷል።»

«እውነቱን ነው?»

«ምያለሁ እኮ።»

«በይ ነይና ልይሽ። አንቺ እንዳትነጂ፤ ሰው ያምጣሽ።»

ፍሬን ወደ እማማ ዞር አለች። «ሰው አለኝ» አለችና ስልኩን ዘጋች።

እማማ ፊታቸው ነጣ። «እኔ? በከተማው መሃል?»

«ድንገት ድምፄ ከጠፋ ዳር ይያዙ፣ ሁለቱንም ፍሬቻ ያብሩ፣ እዚህ ቁጥር ላይ ይደውሉ። ካልጠፋ ግን ይንዱ።»

ነዱ። በገበያው ዳር፣ በአደባባዩ፣ በባቡር ሐዲዱ ላይ። አንድ ጊዜ ሞተሩ ጠፋባቸው፤ አስነስተው ቀጠሉ። የፍሬን እግር ከፔዳሉ ርቆ እንደተሰበሰበ ሆስፒታል ደረሱ።

የጭነት መኪናው ሾፌር በማሰልጠኛው መኪና ላይ የተጻፈውን ስልክ ደውሎ ከሷት ኖሮ፣ ሥራ አስኪያጁ ያለችበትን በስልክ ጠይቆ መጣ። ለወንድሟም የነገረው እሱ ነው። ሐኪሟ መርምራ ስታስወጣት ሁለቱም ኮሪደሩ ላይ ቆመው ነበር።

«ስንቴ ልቅበርሽ?» አለ ወንድሟ።

«አንድም ጊዜ አልቀበርከኝም» አለችው። «በቁሜ ጉድጓድ የምትምስልኝ ግን አንተ ነህ።»

ሥራ አስኪያጁ መሬት መሬት እያየ፣ «በዚህ ዓይነት ድርጅቱ...» ብሎ ጀመረ።

«ድርጅቱ ምን ሆነ? ሰው ተገጨ? መኪና ተጫረ? ተማሪዬ እዚህ ድረስ ነድተው አምጥተውኛል፤ አንተ ያስተማርካቸው ስንቶቹ ይችላሉ?» ድምጿ ኮሪደሩን ሞላው። «የጎደለኝ አንድ ኤንዛይም ነው። እሱ የሚሠራውን ወገቤ ላይ ተሸክሜዋለሁ። ሙያዬ አልጎደለም። ካባረርከኝ አባረርኳት በል፤ ‹ለራሷ ብዬ› ግን እንዳትል!»

ሐኪሟ ከበሩ ብቅ አለች። «ድምፅሽ ተኝተው የነበሩ ሕሙማንን ቀሰቀሰ። ሳንባሽ ደህና ነው ማለት ነው» አለችና ወደ ወንድሟ ዞረች። «ልቧ ከበፊቱ ተሽሏታል። ቱቦው በቀበቶ ሥር እንዳያልፍ አድርገን አስረነዋል። አትድንም፤ ይኼንን አልዋሽህም። አልጋ ላይ ብትውል ግን ከዚህ የተሻለ አትሆንም።»

ሥራ አስኪያጁ ራሱ መወሰን ስለፈራ ጉዳዩን ወደ መንጃ ፈቃድ ቢሮ መራው። እዚያ ረጅም ጠረጴዛ ኋላ የተቀመጡ ሰዎች አፋጠጧት። መሃል ላይ ያሉት ወፍራም ሰውዬ ፓምፗን በእስክሪብቷቸው እየጠቆሙ፣ «መንገድ ላይ ቢቆምስ?» አሏት።

«ቆሞ ያውቃል። ቀየርኩት።»

«በዚህ ሁኔታ ሰው ማስተማር አያስፈራሽም?»

«ጌታዬ፣ ከሾፌሩ አንዱ ስኳር አለበት፣ አንዱ ግፊት አለበት፣ አንዱ ከሚስቱ ተጣልቶ ነው የወጣው። የነሱ ሕመም ድምፅ የለውም። የኔ እንኳ ሲብስበት ይጮኻል።»

አንደኛዋ ሴትዮ ሳቋን በመሐረብ ሸፈነች። ሰውዬው አልሳቁም። ፈቀዱላት፤ ግን በየጊዜው እየተመረመረች፣ ከከተማ ውጭ እንዳትወጣ። የከተማው ነገር አንገበገባት፤ የምትወደው ረጅሙን ጎዳና ነበርና። «ይኼኛውን ይግባኝ እላለሁ» ብላቸው ወጣች፤ አለችም። እስካሁን መልስ አልሰጧትም።

እማማ ፈተናውን በሁለተኛው ሙከራ አለፉ። መኪናቸው አልተሸጠም።

ወንድሟ ግን አኮረፈ። ስልኳን አያነሳም፤ ክፍሉንም አላፈረሰም። እሷም ኩርፊያውን በኩርፊያ መለሰች፤ በዚህ ሁለቱም የአንድ እናት ልጆች ናቸው። አንድ ማለዳ ግን በሯ ተንኳኳ። ከረባቱን እንዳሰረ፣ ወደ ሥራ ሊሄድ የወጣ ወንድሟ ነው። መድኃኒቷን ልትበጠብጥ ጠረጴዛዋን እያጸዳች ነበር።

«አሳዪኝ» አለ።

«ምኑን?»

«የምትሠሪውን። ሌላ ሰው ካልቻለ አንቺ ጉንፋን ይዞሽ ብትተኚ ማን ይሠራልሻል?»

«እጅህን ታጠብ።»

ታጠበ። «እንደገና» አለችው። ደግሞ ታጠበ። ተማሪ ሁሉ የሚፈራው ርዕሰ መምህር እጅጌውን ሰብስቦ፣ ትንፋሹን ውጦ፣ ፈሳሹን ወደ ዱቄቱ ጨመረ።

«አትናጠው! ቀስ አድርገህ አዙረው። አረፋ እንዳያወጣ።»

«እንዲህ?»

«እንዲያ።»

ፓምፗ ተቀይራ ሥራዋን ስትጀምር ወንበር ላይ ዘፍ አለ። «ክፍሉ እንዳለ ነው» አለ ቀስ ብሎ።

«አከራየው ወንድም ጋሼ።»

«አላከራየውም።»

«እንግዲያው ይቀመጥ። እኔ አልመጣም።»

ከዚያ በኋላ አልተከራከራትም፤ እሺም አላላትም። አብረው የቤቷን ደረጃ ወረዱ፤ እሱ አንድ እርምጃ ከኋላዋ ነበር፣ ብትወድቅ ሊይዛት። አየችው፣ እርምጃዋን ግን አልቀየረችም። የማሰልጠኛው መኪና ጋ ስትደርስ አዲስ ተማሪ፣ ረጅም ጎረምሳ፣ ሁለት እጁን ኪሱ ውስጥ ከቶ ይጠብቃታል። ዓይኑ ወገቧ ላይ ወዳለችው ፓምፕ ሄዶ ቀረ።

«ምን ታፈጣለህ?» አለችው በሩን እየከፈተች። «እጅህን ከኪስህ አውጣ፤ መሪው እዚያ ውስጥ የለም።»